የጉዞውን ፍጥነት የሚወስኑት እማማ ናቸው

በየዓመቱ ከሚያዝያ ጀምሮ ስልኬ ላይ የሚደርሱኝ መልእክቶች ይመሳሰላሉ። ከሲያትል፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ ይጻፋሉ። አብዛኞቹ የሚጀምሩትም «ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን እንመጣለን፤ አባባንና እማማንም ጨምረን አገሩን በሙሉ ብናይ ብለን ነበር» በማለት ነው። ከዚያ ዝርዝር ይከተላል፤ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ሰሜን ተራሮች፣ ባሕር ዳር፣ ዳሎል፣ ሐረር፣ ባሌ፣ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ኦሞ። ለዚህ ሁሉ የተመደበው ሃያ ቀን ይሆናል።

ሥራዬ ቤተሰብ ማስጎብኘት ነው። ዝርዝሩን አልነቅፍም፤ ከናፍቆት የመጣ ነው። ችግሩ የተጻፈው ሻንጣውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ በሌሊት ለሚነሳ ወጣት መሆኑ ነው። ቤተሰብ እንደዚያ አይጓዝም። አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፣ አንዷን መኪና ያስታውካታል፣ አንዱ ቀን ካልተኛ ማታ ሁሉንም ያስለቅሳል። ስለዚህ ካርታ ከመዘርጋቴ በፊት የምጠይቀው ስለ ቦታ አይደለም። ከመካከላችሁ ቀስ ብሎ የሚሄደው ማን ነው? እያልኩ ነው የምጀምረው።

ባለፈው ክረምት አብሬያቸው የተጓዝኩት ቤተሰብ አሥር ሰው ነበር። አባትየው የ76 ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። እናትየው፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ 70 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ትልቋ ልጃቸው ከባለቤቷ፣ ከ13 ዓመት ወንድ ልጇና ከ7 ዓመት ሴት ልጇ ጋር ከሲያትል መጣች። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሟ ከሚስቱና ከ4 ዓመት ልጁ ጋር ነው። ታናሽ እህታቸው ደግሞ ከስቶክሆልም። ትልቋ በሰንጠረዥ ያዘጋጀችው ዕቅድ በ21 ቀን 14 ቦታ የሚያዳርስ ነበር። መንገዱን ብቻ ብንደምረው ዘጠኝ ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ መቀመጥ ነው።

ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ደወልኩ። ይህን ሁልጊዜ አደርገዋለሁ፤ አንድ ላይ ሲጠየቁ ሁሉም ለሌላው ይተዋላቸውና እውነተኛው ፍላጎት ሳይነገር ይቀራል። እማማ ወዲያው መለሱ። ለታናሿ ልጃቸው ቁልቢ ገብርኤል የተሳሉት ስለት ነበረባቸው፣ እስካሁን ሳያደርሱ ቆይቷል። መምህሩ ግን «እኔ የትም ይሁን፣ ልጆቹ ደስ ይበላቸው» አሉ። አባቶች የመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቁ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እንደ መልስ አትቁጠሩት። ከሦስት ቀን በኋላ ስደግምላቸው ትንሽ ዝም አሉና ጎባን አነሱ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያ ሥራቸውን ያገኙት እዚያ ነው። ከወጡ ወዲህ አልተመለሱም። ሰንጠረዡ ላይ ቁልቢም ጎባም አልነበሩም።

የ13 ዓመቱ ልጅ ጅብ፣ እህቱ አዞ ማየት ፈለጉ። እናታቸው ደግሞ ላሊበላ።

ቀጥሎ የመጣው የቀን መቁጠሪያው ነው። አገራችንን ለማየት የሚመከረው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ነው፤ ዝናቡ ያባራል፣ ሜዳው አደይ ይለብሳል፣ መስቀልና ጥምቀትም እዚያው ውስጥ ናቸው። ነገር ግን በውጭ ያሉት ልጆች ረጅም ዕረፍት የሚያገኙት ክረምት ላይ ነው። እዚህ ያሉትም ትምህርት የሚዘጋላቸው ያኔ ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች ሳይጣደፉ አብረው የሚከርሙበት ሌላ ወቅት የለም ማለት ይቻላል። እኔ ከአደይና ከዘመድ አንዱን ምረጥ ብባል ዘመድን እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው በክረምት የት ይኬዳል የሚለው ነው።

ክረምት በአገሩ ሁሉ እኩል አይዘንብም። በደቡብ ጫፍ፣ በኮንሶና በኦሞ አካባቢ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ይደግማል፤ ሐምሌና ነሐሴ ይቀልላሉ። በምሥራቅ፣ በድሬዳዋና በሐረር፣ ዝናቡ ቢመጣም ቀኑን ሙሉ አስሮ የሚያስቀምጥ አይነት አይደለም። የሰሜን ተራሮች ግን በጉም ይሸፈናሉ። ዳሎል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ በክረምት ሙቀቱ ለጤነኛ ወጣትም ከባድ ነው። ሕፃንና ስኳር ያለባቸው እናት ይዞ ወደዚያ መውረድ አይታሰብም፣ ያንን ያለ ክርክር ሰረዝነው።

ክርክሩ የተነሳው በላሊበላ ነው። ትልቋ ልጅ «ልጆቼ ላሊበላን ሳያዩ ኢትዮጵያን አዩ ይባላል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ይገባኛል። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ውስጥ ናቸው፣ የሚተካቸውም የለም። ሆኖም ቦታው የሚታየው ከድንጋይ በተፈለፈለ ደረጃ በመውረድ፣ በጠባብ መተላለፊያ በማለፍ፣ ጫማ አውልቆ በመግባትና በመውጣት ነው። በዝናብ ድንጋዩ ያንሸራትታል። የእማማን ጉልበት አስቡት። በዚያ ላይ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በእነዚህ ዓመታት አንድ ሳምንት የተከፈተ መስሎ በቀጣዩ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር፤ አሥር ሰው ይዤ በ«ይከፈት ይሆናል» አልነሳም። አውሮፕላን አለ፤ ግን ሁለት ቀን ለላሊበላ ስንጨምር ከጎባ ሁለት ቀን መውሰድ ነበረብን።

ውሳኔውን ለቤተሰቡ ተውኩት። አንድ እሑድ በቪዲዮ ተሰብስበው ከአንድ ሰዓት በላይ ተነጋገሩ። ነገሩን የቋጩት እማማ ናቸው፤ «ላሊበላ የትም አይሄድም። አባታችሁ ጎባን በዓይኑ የሚያይበት ጊዜ ግን ስንት ቀረው?» አሉ። ልጅቷ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ላሊበላ አልተነሳም።

የተስማማንበት ዕቅድ ይህን ይመስላል። ከሐምሌ 12 እስከ ነሐሴ 13 አብረው ይሆናሉ፤ ከዚህ ውስጥ መንገድ ላይ የሚያሳልፉት 18 ቀን ብቻ ነው፣ ያውም በሦስት ተከፍሎ። በየመካከሉ አዲስ አበባ፣ እናትየው ቤት። ልብስ ይታጠባል፣ ልጆቹ ይተኛሉ፣ የወንድም ሚስት ሥራ ቦታዋ ብቅ ትላለች። ሦስት ሳምንት በአንድ ትንፋሽ መዞር የውጭ አገር ጎብኚ ስለሆነ ነው የሚያደርገው፤ መመለሻ ቤት የለውም። እናንተ ቤት ካላችሁ ተጠቀሙበት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምንም አልተያዘላቸውም። ሲያትልና አዲስ አበባ በክረምት የአሥር ሰዓት ልዩነት አላቸው፣ ልጅ ቀንና ሌሊቱ እስኪስተካከልለት ቀናት ይፈጃል። ከተማችንም ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። ከባሕር ዳርቻ የመጣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም።

ሐምሌ 16 በአውሮፕላን ወደ ድሬዳዋ ሄድን። ትልቁ የልጅ ልጅ ባቡር ፈልጎ ነበር፣ እኔም ባቡሩን እወደዋለሁ፤ ግን ለረጅም ሰዓት መቀመጥ የእማማን ጉልበት ያሳብጠዋል። ልጁን አሮጌውን የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ በማሳየት አስታረቅነው። ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው፤ የታኅሣሡን ያህል ባይሆንም የቁልቢ መንገድ ይጨናነቃል፣ በድሬዳዋና በሐረር ክፍል ማግኘትም ያስቸግራል። ሆቴሉን በግንቦት ነው የያዝኩት። በሌሊት ተነስተን ገና ሳይረፍድ ደረስን። እማማ ጥላቸውን ሰጡ፣ ስለታቸውን አደረሱ። ታናሿ ልጅ ስለቱ ስለ ምን እንደነበር የሰማችው ያን ዕለት ነው። ምን እንደነበር አልጽፍም።

ሐረር ለልጆች የተሠራች ከተማ ትመስለኛለች። ጀጎል ውስጥ መኪና የማይገባባቸው ጠባብ ጠባብ መንገዶች አሉ፤ ልጅ ፊት ፊት ቢሮጥ ከግንቡ አይወጣም። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ሁለት ሰዓት ወሰደብን፤ ሰባት ዓመቷ ልጅ ቀሚስ አሰፋች፣ በማግስቱ ተረከበች። ግድግዳው በስፌት ባጌጠ የሐረሪ ቤት ውስጥ እማማ ከባለቤቲቱ ጋር ስለ ስፌት ቀለም አወሩ፣ እኛ ረስተውን ነበር። ማታ ጅብ ማብላቱ ላይ ትልቁ ልጅ ሥጋውን በእንጨት ይዞ አበላ። አራት ዓመቱ ግን ገና ጅቦቹ ሲመጡ ጮኸ፣ ከእናቱ ጋር መኪና ውስጥ ቆየ። ለዚህ ነው ለሁሉም ነገር አንድ የሚቀር አዋቂ አስቀድሜ የምመድበው፤ የሚያስቀረው ሰው ከታወቀ ማንም ማንንም አይቆጣም።

ሁለተኛው ክፍል የመንገድ ጉዞ ነው፣ በአንድ ኮስተር። እዚህ ላይ የማልለቃቸው ሕጎች አሉኝ። በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ አንነዳም። ሁለት ረጅም ቀን አናከታትልም። ከመጨለሙ ቢያንስ አንድ ሰዓት በፊት ሆቴል እንገባለን። ከመነሻው ዋዜማ በየከተማው ለማውቃቸው ሾፌሮች ደውዬ ስለ መንገዱ ሰላም እጠይቃለሁ፤ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ካመነታ አንንቀሳቀስም። ሌላው ደግሞ መጸዳጃ ነው። ሳቅ አይደለም፤ ብዙ እናቶች መንገድ ላይ ውኃ የማይጠጡት መጸዳጃ ስለማያገኙ ነው፣ ስኳር ላለበት ሰው ይህ አደጋ ነው። ንጹሕ መጸዳጃ ያላቸውን ማደያዎችና ምግብ ቤቶች በወረቀት ጽፌ ለሾፌሩ እሰጣለሁ። የሕፃን የመኪና ወንበር እዚህ ለኪራይ ማግኘት ስለሚያስቸግር ከውጭ የሚመጡት ይዘው ይምጡ።

ሐዋሳ ሁለት ሌሊት አደርን፤ አሞራ ገደል ዓሣ፣ ጉሬዛ፣ የሐይቅ ዳር እግር ጉዞ። ከዚያ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርገን ወደ ባሌ። ዲንሾ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ይታያል። ልጆቹ ከመኪና ወርደው በዝምታ ቆሙ፣ ከአዲስ አበባ ወዲህ የመጀመሪያው ዝምታ ነበር።

ጎባ የገባን ማግስት ዕቅዱ ላይ የተጻፈው «የአባባ ቀን» ብቻ ነው። የጎባው አስጎብኚ ጥሩ ልጅ ነበር፣ ስለ ከተማዋ ብዙ ያውቃል። ያን ጠዋት ግን ከኋላ እንዲሄድ ለመንኩት። መምህሩ መንገዱን ለማግኘት ተቸገሩ፤ ከተማው ሰፍቷል። ሁለት ጊዜ ተሳስተው ዞሩ። ሦስተኛው ላይ አንድ ዝግባ አይተው ቆሙና ልጆቹን በአማርኛ ጠሯቸው። የሲያትሎቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ብዙ አይናገሩም። ትልቁ የአጎቱን ልጅ በጀርባው አዝሎ ተከተላቸው። ክረምት ስለነበር ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ዘበኛው የጉዳዩን ምንነት ሲሰማ ከፈተልን። መምህሩ ባዶ ክፍል ውስጥ ገብተው ሰሌዳው ፊት ቆሙ፣ በኪሳቸው የነበረውን ጠመኔ አወጡ። ጠመኔውን ከአዲስ አበባ ይዘው መምጣታቸውን ማናችንም አላወቅንም ነበር። የልጅ ልጆቻቸውን ስም በግዕዝ ፊደል ጻፉ፤ ሰባት ዓመቷ የራሷን ስም ከሥር ገልብጣ ጻፈች። ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን። እኔ ውጭ ሆኜ ከዘበኛው ጋር ስለ ድንች ዋጋ አወራሁ።

በማግስቱ ሰነቴ ወጣን። ሜዳው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከጎባ በመኪና ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያን ሁሉ ከፍታ ትወጣላችሁ፣ ሰውነት ለመልመድ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ሐኪም አስቀድሞ ያላያቸው አያት እዚያ አላወጣም። መምህሩ ደም ግፊታቸውን ተለክተው፣ ሐኪማቸው ፈቅዶላቸው ነው የወጡት። እማማ ጎባ ቀሩ፣ በራሳቸው ምርጫ። ላይ ሁለት ሰዓት ቆይተን ወረድን፤ ራስ ምታት የጀመረ ሰው ካለ መድኃኒቱ መውረድ ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ቀርተዋል፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። እኛ ሦስት አየን፤ አንዱ ጅብራዎቹ መካከል አይጥ ሲያድን። ወፍራም ካፖርት ያላመጡት ውጭ የቆዩት ለአምስት ደቂቃ ነው። ከዚያው አካባቢ ሶፍ ዑመርንም ለማየት የሚፈልጉ አሉ፤ በክረምት ወንዙ ይሞላል፣ ተዉት እላለሁ።

መመለሻውን በአርሲ አደረግን። በቆጂ ላይ ትልቁ ልጅ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከዚህ አካባቢ መውጣታቸውን ሲሰማ ጫማውን አጥብቆ ወረደ። ከአካባቢው ልጆች ጋር ሮጦ ብዙም ሳይርቅ ቁጭ አለ። ያን ሌሊት አሰላ አደርን።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። ቤተሰብ ሲጓዝ ጾም ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። እማማ እስከ ቅዳሴ መውጫ ምንም አይቀምሱም፣ ኢንሱሊንም ይወስዳሉ። ትልቋ ልጅ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውንም የንስሐ አባታቸውንም አነጋገረች፤ የንስሐ አባታቸው በጉዞው ቀናት ጠዋት እንዲቀምሱ ፈቀዱላቸው። እማማ ይህን ከልጃቸው አፍ ቢሰሙት ኖሮ አይቀበሉም ነበር። ለኢንሱሊኑ ቀዝቃዛ ቦርሳ ያዝን፣ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍልም ጠየቅን።

ሦስተኛው ክፍል አርባ ምንጭ ነው፣ በአውሮፕላን። ከተማው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ወባ አለ። የውጭዎቹ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ አዲስ አበባ ያደገውም ልጅ ወባን የመቋቋም አቅም የለውም፤ ሦስቱም ከሐኪም የታዘዘ መከላከያ ወሰዱ፣ ሌሊት በአጎበር ተኙ። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ አዞና ጉማሬ አየን። ዶርዜ ላይ ከቀርከሃ የተሠሩትን የዝሆን ፊት የሚመስሉ ቤቶች፣ ከእንሰት ቆጮ ሲጋገር፣ ወንዶች ሲሸምኑ ሴቶች ሲፈትሉ አየን፤ እማማ እንዝርቱን ተቀብለው ፈተሉ፣ ልጆቹ አያታቸው ይህን መቻላቸውን አያውቁም ነበር። ኮንሶን ለአንድ ቀን ደርሰን ተመለስን። ወደ ኦሞ አልወረድንም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከዚያም በላይ ከመኪና ወርዶ ሰው በገንዘብ ፎቶ አንስቶ መሄድን ለልጆች ማስተማር አልወድም።

ስለ ገንዘብ ላንሳ፤ ቤተሰብን የሚያጣላው ከቦታ ምርጫ ይልቅ ይህ ነውና። ከውጭ የመጣው ሁሉን ሊከፍል ይፈልጋል፣ እዚህ ያለው ወንድም ያፍራል። እዚህ ቤተሰብ ውስጥ አውሮፕላንና ሆቴል የውጭዎቹ፣ ኮስተሩና ነዳጁ የወንድምየው ሆነ፤ መምህሩ ደግሞ በየመንገዱ ቡና እኔ ነኝ የምከፍለው አሉ፣ ማንም አልተከራከራቸውም። ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር ስትዋዋሉ የሾፌር አበል፣ የመግቢያ ክፍያ፣ ጀልባ፣ የፓርክ ጠባቂና የአካባቢ አስጎብኚ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖራቸው በጽሑፍ ይቀመጥ። መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ምን ይሆናል የሚለውም እንዲሁ። የውጭ ፓስፖርት ያለው ሰው በብዙ ቦታ የሚከፍለው መግቢያ ይለያል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ በየቦታውም ጠይቁ።

አስጎብኚ ስትመርጡ እንግሊዝኛውን ብቻ አትለኩ። ለአያት በአማርኛ፣ ለልጅ በእንግሊዝኛ ታሪኩን የሚያስረዳ ይፈለጋል። አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ልጁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢሰለቸው ምን ታደርጋለህ? መልስ ከሌለው ሌላ ፈልጉ።

ነሐሴ 13 ማታ እናትየው ሰፈር ነበርን። የሲያትሉና የአዲስ አበባው ልጅ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ አመሹ፣ ሙልሙል ሰበሰቡ። ትልቋ ልጅ ችቦው ሲቀጣጠል አጠገቤ መጥታ በታኅሣሥ ስንት ቀን ዕረፍት እንዳላት ነገረችኝ። የገናን ላሊበላ ለመያዝ ሆቴል ከስንት ወር በፊት መቆረጥ እንዳለበት ነገርኳት፤ እማማን ከደረጃው የሚያሳርፍ፣ ከላይ ሆነው ቤተ ጊዮርጊስን የሚያዩበትን ቦታ በማግስቱ በወረቀት ሥዬ ሰጠኋት።